አካታች የውበት አገልግሎት ዋጋ ምንድን ነው?

በብዙ የውበት ሳሎኖች የሚለጠፈው የዋጋ ዝርዝር ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በአንድ በኩል የሴት፣ በሌላ በኩል የወንድ። ፀጉሯን እስከ ጆሮዋ የምታሳጥር ሴትና ያንኑ ቁርጥ የሚፈልግ ወንድ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ሥራውም የሚፈጀው ጊዜም አንድ ሆኖ ሳለ ሒሳባቸው ይለያያል። አካታች ዋጋ የሚባለው ይህን ልማድ ትቶ ክፍያውን ከሥራው ጋር የሚያያይዝ አሠራር ነው። ሥራው ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ስንት ቀለም ወይም ቅባት ይፈጃል? ምን ያህል ሙያ ይጠይቃል? ዋጋው የሚወጣው ከእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው፤ የደንበኛው ፆታ፣ ዕድሜ ወይም መልክ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም።

ነገሩ በባለሳሎኑ ቅንነት ላይ ብቻ ያልተተወባቸው ቦታዎች አሉ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ሕግ፣ ለተመሳሳይ አገልግሎት በፆታ ምክንያት የተለያየ ዋጋ ማስከፈልን ከልክሏል። ሕጉ ፀጉር ቤቶችን፣ ልብስ ሰፊዎችንና ላውንደሪዎችን ለይቶ ጠቅሶ፣ የዋጋ ዝርዝራቸውን በጽሑፍ በግልጽ እንዲያሳዩ ያዛል። የኒው ዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1998 ተመሳሳይ ክልከላ ደንግጋለች። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የካሊፎርኒያው ሕግ የዋጋ ልዩነትን በጅምላ አለመከልከሉ ነው። ሥራው የሚወስደው ጊዜ፣ ክብደቱ ወይም ወጪው ከተለየ ዋጋውም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ «አካታች» ማለት ሁሉም ሰው እኩል ይክፈል ማለት አይደለም። ረጅም ፀጉር ያላት ደንበኛ ቀለም ለመቀባት ከአጭር ፀጉር የበለጠ ብትከፍል ፍትሐዊ ነው፤ ረጅም ፀጉር ያለው ወንድም እንደ እሷው እስከከፈለ ድረስ።

አሠራሩ የሚጀምረው የአንድ ሰዓት ሥራ ለሳሎኑ ስንት እንደሚያስወጣ ከማወቅ ነው። ብዙ ባለሙያዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሳሎኑ በቀን 10 ሰዓት ክፍት ሆኖ ባለሙያዋ ደንበኛ ይዛ የምትሠራው 6 ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ የቀኑ ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃና ደመወዝ መካፈል ያለበት ለ6 ነው። ለ10 ያካፈለ ሰው ከእያንዳንዱ የሥራ ሰዓት ወጪ 40 በመቶውን ሳያስከፍል ይቀራል፤ ጉድለቱንም ብዙ ጊዜ የሚሞላው ከገዛ ጉልበቱ ወይም ከሠራተኞቹ ደመወዝ ላይ ነው። የሰዓቱ ወጪ ከታወቀ በኋላ ትርፉን ጨምሮ ሥራው በሚወስደው ጊዜ ማባዛት ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሥራ የሰዓቱን ዋጋ አንድ ጊዜ ተኩል ያስከፍላል።

ቀጥሎ የሚደመረው ዕቃው ነው። የፀጉር ቀለም ቱቦ ብዙ ጊዜ 60 ግራም ይይዛል። ለአጭር ፀጉር ግማሹ ሊበቃ ይችላል፤ ወገብ የደረሰ ወፍራም ፀጉር ግን ሁለትም ሦስትም ቱቦ ሊጨርስ ይችላል። ለሁለቱም አንድ ዋጋ ከተጠየቀ ባለአጭር ፀጉሯ ለሌላዋ ቀለም ጭምር ከፈለች ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጎድጓዳ ሳህኑን ትንሽ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ቀለሙን እየመዘኑ መጭመቅ፣ የገባውን ግራም መዝግቦ በዚያው ልክ ማስከፈል። ደንበኛዋ ቁጥሩን በዓይኗ ስታይ ክርክር አይኖርም።

እስካሁን ያለው ሒሳብ ነው። ከባዱ ጥያቄ የፀጉር ዓይነት ነው። የተጠቀለለና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ያላቸው ሰዎች «የእርስዎ ፀጉር አስቸጋሪ ስለሆነ» ተብለው ጭማሪ ሲጠየቁ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ፀጉር ለማፍታታትና ለማድረቅ ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስድበት አጋጣሚ እንዳለ አይካድም፤ ለዚያ ጊዜ መክፈልም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰዓቱ የረዘመው ባለሙያው ያን ፀጉር መሥራት ስላልተማረ ከሆነ፣ ደንበኛው የሚከፍለው ለሌላ ሰው የሥልጠና ጉድለት ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጊዜ ትክክለኛ መለኪያ የሚሆነው የሠለጠነ እጅ በሚፈጅበት መጠን ሲሰላ ብቻ ነው። የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ የፀጉር ሥራ ሥልጠና ሁሉንም የፀጉር ዓይነቶች እንዲሸፍን ያስገደደውም ችግሩ ከመቀመጫው ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ ስለሚጀምር ነው።

የዊልቸር ተጠቃሚን ወደ መታጠቢያው ለማዘዋወር የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ፣ ወይም መቀስ የሚፈራ ሕፃንን ለማባበል የሚያልፈው ጊዜ በተናጠል መጠየቅ የለበትም። እንዲህ ያለው ጊዜ እንደ ኪራዩ ሁሉ የሳሎኑ ጠቅላላ ወጪ አካል ተደርጎ በሰዓቱ ዋጋ ውስጥ ይገባል።

ዋጋው ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሰላ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚነገር ከሆነ ፋይዳ የለውም። ፀጉሯ ታጥቦ፣ ተቀብቶና ደርቆ ከወንበሩ የምትነሳ ደንበኛ መከራከር አትችልም፤ የተባለችውን ትከፍላለች። «ከዚህ ጀምሮ» የሚል ዋጋ የሚለጥፍ ሳሎን የት ድረስ ሊደርስ እንደሚችልም አብሮ መጻፍ አለበት። ባለሙያው ፀጉሩን ዳስሶ፣ ጊዜውንና ቀለሙን ገምቶ፣ ቁጥሩን ከመጀመሩ በፊት ይናገር። መሐል ላይ ሒሳቡ ከግምቱ ቢያልፍ ሥራውን አቁሞ ይጠይቅ።

አቅም ለሌላቸው ሰዎች ብለው ለአንድ አገልግሎት ሦስት ዋጋ የሚያስቀምጡ ሳሎኖችም አሉ፤ ደንበኛው ማስረጃ ሳይጠየቅ የሚችለውን ይመርጣል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ሰው ድህነቱን እንዲያስረዳ አይገደድምና። የሚዘልቀው ግን መካከለኛው ዋጋ እውነተኛውን ወጪና ደመወዝ ሲሸፍን፣ ዝቅተኛው የሚያጎድለውን ደግሞ ከፍተኛው ሲሞላ ነው። ባለሳሎኑ በየወሩ መጨረሻ ስንት ሰው የትኛውን እንደመረጠ ቆጥሮ፣ ሚዛኑ ወደ ታች ካዘነበለ ለዝቅተኛው ዋጋ የሚይዘውን የቀጠሮ ብዛት መወሰን ይኖርበታል።