ናቫኔተም ፒላይ፦ ከደርባን የጥብቅና ቢሮ እስከ አሩሻ ችሎት

ናቫኔተም (ናቪ) ፒላይ ደቡብ አፍሪካዊት የሕግ ባለሙያ ናቸው። በአፓርታይድ ዘመን ለፖለቲካ እስረኞች ጥብቅና ቆመዋል። የሩዋንዳውን የዘር ማጥፋት ወንጀል በዳኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ዳኛና ፕሬዚዳንት፣ ኋላም የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆነው ሠርተዋል። (ዓመተ ምሕረቱ ካልተገለጸ በቀር እዚህ ያሉት ቀኖች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስማቸው በአብዛኛው የሚነሳው በኮሚሽነርነታቸው ነው፤ ሕጉን ራሱን የቀየሩት ግን የሩዋንዳው ፍርድ ቤት በነበረበት አሩሻ ላይ በዳኝነት በሠሩባቸው ዓመታት ነበር።

የተወለዱት ሴፕቴምበር 23 ቀን 1941 ደርባን ከተማ፣ ክሌርዉድ በሚባል ሰፈር ነው። ቤተሰባቸው የታሚል ተወላጅ ሲሆን ቅድመ አያቶቻቸው ከህንድ የመጡት በሸንኮራ አገዳ እርሻ በኮንትራት ሊሠሩ ነው። አባታቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ፒላይ ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ የሚያነሱት አንድ ታሪክ አለ፦ የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ የአባታቸውን ደመወዝ ይዘው ሲሄዱ ተሰረቁ፤ ፍርድ ቤት ቀርበው መሰከሩ፤ ሌባው ተፈረደበት፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡም የሰፈሩ ህንዳውያን ገንዘብ አዋጥተው ነው ያስተማሯቸው። ከናታል ዩኒቨርሲቲ በ1965 በሕግ ተመረቁ።

ከምርቃት በኋላ የሚቀጥራቸው ቢሮ አጡ። ነጭ ሠራተኞች ከነጭ ካልሆነ ሰው ትእዛዝ ሊቀበሉ አይችሉም የሚል መልስ ነበር የሚሰጣቸው። ስለዚህ በ1967 የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ፤ በናታል ግዛት ይህን በማድረግ ነጭ ካልሆኑ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው። ጠበቃ ቢሆኑም እንኳ ወደ ዳኛ ቢሮ መግባት አይፈቀድላቸውም ነበር። ባለቤታቸውም ጠበቃ ነበሩ፤ በጸጥታ ሕጉ ሲታሰሩ ፒላይ ፖሊስ በምርመራ ወቅት ሕገ ወጥ ዘዴ እንዳይጠቀም በፍርድ ቤት አሳገዱት። በ1973 ደግሞ የሮበን ደሴት የፖለቲካ እስረኞች ከጠበቃ ጋር የመገናኘት መብት እንዲከበርላቸው አስፈረዱ። በዚያ ደሴት ከታሰሩት አንዱ ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ።

ጥብቅናውን ሳይተዉ ሃርቫርድ ገብተው በ1982 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1988 ዶክትሬታቸውን አገኙ። በሕግ ዶክትሬት ከሃርቫርድ ያገኙ የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪካዊ እሳቸው ናቸው። በ1992 ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው ኢኳሊቲ ናው የተባለውን የሴቶች መብት ድርጅት መሠረቱ። ይህ ድርጅት በእኛም አገር የሚታወቅ ሥራ አለው። በ2001 ተጠልፋ የተደፈረች የ13 ዓመት ልጅ ጉዳይ አገር ውስጥ መፍትሔ ሲያጣ፣ ድርጅቱ ከኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋር ሆኖ ለአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቤት አለ። ኮሚሽኑ በ2015 የኢትዮጵያ መንግሥት ለልጅቷ 150,000 ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ነጻ የሚያወጣው የቀድሞው የወንጀል ሕግ አንቀጽ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቀርቷል።

በ1995 ማንዴላ ለደቡብ አፍሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አጯቸው፤ ነጭ ያልሆነች ሴት እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ብዙም ሳይቆዩ የሩዋንዳው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተመረጡና ወደ አሩሻ፣ ታንዛንያ ሄዱ።

እዚያ ከቀረቡት ተከሳሾች አንዱ ዣን ፖል አካየሱ በሩዋንዳ የታባ ኮሚዩን (ወረዳ) ከንቲባ ነበር። በመጀመሪያ የቀረበበት ክስ ስለ አስገድዶ መድፈር አንዲት ቃል አልነበረበትም። ችሎቱ በጃንዋሪ 1997 ተጀመረ። ለደኅንነቷ ሲባል «ጄ» በምትል ፊደል ብቻ የምትጠራ ምስክር ቃሏን ስትሰጥ፣ የስድስት ዓመት ልጇን ሦስት ሰዎች እንደደፈሯት ተናገረች። ከተሰየሙት ሦስት ዳኞች ብቸኛዋ ሴት ፒላይ ነበሩ። ዳኞቹ ነገሩን አድበስብሰው አላለፉትም፤ ጠየቁ። ቀጥሎ «ኤች» የተባለችው ምስክር በራሷ ላይ የደረሰውን አስረዳች። ዐቃቤ ሕግ ተጨማሪ ምርመራ አድርጎ በጁን 1997 ክሱን አሻሻለ። ምስጋናውን ሁሉ ለአንድ ዳኛ ማሸከም ልክ አይሆንም፤ የሴቶች መብት ድርጅቶችም ክሱ እንዲሻሻል ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አመልክተው ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተናገሩት ሴቶች ናቸው።

ፍርዱ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 ተነበበ። አንድ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሰምቶ ሰውን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲል ያ የመጀመሪያው ነው፤ አስገድዶ መድፈርም አንድን ሕዝብ ለማጥፋት ታስቦ ከተፈጸመ ራሱ ዘር ማጥፋት ሊሆን እንደሚችል ተበየነ። ችሎቱ ለአስገድዶ መድፈር የሰጠው ትርጉምም አዲስ ነበር። ማስገደድ የግድ በጉልበት መገለጥ የለበትም አለ። ቱትሲ ሴቶች ሕይወታቸውን ለማትረፍ በኮሚዩኑ ጽሕፈት ቤት ግቢ ተጠልለው፣ ኢንተርሃምዌ የተባለው የሁቱ ሚሊሻ ከብቧቸው ሳለ፣ ማስገደዱ በሁኔታው ውስጥ አለ። አካየሱ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ያው ችሎት ሴፕቴምበር 4 ቀን 1998 በቀድሞው የሩዋንዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ዣን ካምባንዳ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ወሰነ። ከ1999 እስከ 2003 ፒላይ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የመጨረሻው ትልቅ ሥራቸው በዲሴምበር 2003 የተወሰነው፣ በቱትሲዎች ላይ ጥላቻ ይሰብኩ የነበሩት የአርቲኤልኤም ሬዲዮ መሥራቾችና የካንጉራ ጋዜጣ አዘጋጅ የተከሰሱበት መዝገብ ነው። ፒላይ በመሩት ችሎት ከሬዲዮው መሥራቾች አንዱ ፈርዲናንድ ናሂማና ጠመንጃም ገጀራም ሳያነሳ ሺዎችን እንዳስገደለ ተነገረው። ይግባኝ ሰሚው በ2007 የጥፋተኝነቱን ከፊል ሽሮ የናሂማናን ዕድሜ ልክ ወደ 30 ዓመት ዝቅ አድርጎታል። ንግግር እስከ የት ወንጀል ይሆናል የሚለው ክርክር ግን በይግባኙ አልተዘጋም፤ ዛሬም የሕግ ተማሪዎች ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ያነባሉ።

ከዚያ በሄግ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የይግባኝ ዳኛ ሆነው ቆዩና በሴፕቴምበር 2008 የሰብአዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነርነቱን ያዙ። ይህ ሥልጣን ብዙ ድምፅ እንጂ ብዙ ጉልበት የለውም። በ2012 በኢትዮጵያ በጸረ ሽብር ሕጉ በጋዜጠኞችና በተቃዋሚዎች ላይ ከባድ ቅጣት ሲወሰን፣ የማስፈራራት ድባብ ሰፍኗል ብለው ሥጋታቸውን በመግለጫ አሳውቀዋል። በ2013 ከታሚል አማጽያን ጋር ስትዋጋ የቆየችውን ስሪላንካን ሲጎበኙ፣ ታሚል በመሆናቸው ያዳላሉ ከሚለው ወቀሳ አልፎ አንድ ሚኒስትር «ላግባቸው» እስከማለት ደርሷል። በሌላ በኩል በ2010 እስር ላይ ለነበረው ቻይናዊ የመብት ተሟጋች ሊዩ ሺያቦ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጠው በሥነ ሥርዓቱ ላይ አለመገኘታቸው ያስወቀሳቸው ሲሆን፣ ወቀሳው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በኦገስት 2014 ሊሰናበቱ ሲሉ ለጸጥታው ምክር ቤት አባላት በግልጽ ተናገሩ፦ ምክር ቤቱ ፈጥኖ ቢንቀሳቀስ ኖሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕይወት ይተርፍ ነበር።

ከዚያም አላረፉም። ጋምቢያ በ2019 ምያንማርን በሮሂንጋ ሙስሊሞች ጉዳይ በዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ስትከስ፣ ለዚያ መዝገብ ብቻ የሰየመቻቸው ልዩ ዳኛ ፒላይ ነበሩ። በ2021 ደግሞ እስራኤል በያዘቻቸው የፍልስጤም ግዛቶችና በእስራኤል የተፈጸሙ ጥሰቶችን የሚያጣራውን የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት ተረከቡ። እስራኤል ኮሚሽኑን አድሏዊ ብላ አላስገባችም። በሴፕቴምበር 2025 ኮሚሽኑ እስራኤል በጋዛ ዘር ማጥፋት ፈጽማለች ብሎ ሲደመድም እስራኤል ሪፖርቱን ውድቅ አደረገች። ፒላይ ከዚያ በፊት፣ በጁላይ፣ ዕድሜያቸውን ጠቅሰው በኖቬምበር ኃላፊነታቸውን እንደሚለቁ አሳውቀው ነበር።