የጋዜጣ ኪራይ ምንድን ነው?

የጋዜጣ ኪራይ ማለት ጋዜጣ ሳይገዙ፣ ለአዟሪው ከሽያጭ ዋጋው በጣም ያነሰ ገንዘብ ከፍሎ እዚያው አጠገቡ አንብቦ መመለስ ነው። ውል አይጻፍበትም፤ ደንቡን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ጋዜጣውን ይዞ ከአካባቢው መራቅ አይፈቀድም። እስክሪብቶ ማሳረፍም እንዲሁ፤ የቃላት እንቆቅልሹን የሞላ ወይም ገጽ የቀደደ እንደ ገዢ ይቆጠራል። ወረፋ ሲበዛ ጋዜጣው ይከፋፈላል፦ ስፖርቱ ለአንዱ፣ ቫካንሲው ለሌላው።

ኪራዩን ያቆየው ፖለቲካ ሳይሆን ቫካንሲ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥራ ፈላጊ የሚፈልገው ሁለት ሦስት ገጽ ነው፤ የሥራ መደቡን፣ የሚጠየቀውን ልምድና የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን በደብተሩ ገልብጦ ይሄዳል። ለዚያ ሙሉ ዋጋ መክፈል አያዋጣውም።

እንደ ድሬዳዋ ባለ ከተማ ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። የአገሪቱ ጋዜጦች በአብዛኛው አዲስ አበባ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ታትመው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ማስታወቂያው ደግሞ «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ይላል። እሑድ የወጣ ጋዜጣ ቆጠራው ሰኞ ጀምሮ ዓርብ ያልቃል። ከዚራ በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር ጥላ ሥር ማክሰኞ ለሚያነበው የቀረው 4 ቀን ነው፤ ማስረጃ ኮፒ አስደርጎ በፖስታ መላክ ካለበት ደግሞ ያለቀ ያህል ነው።

ቴሌግራም መጀመሪያ የነጠቀው እንግዲህ ይህን ደንበኛ ነው። ቻናሎቹ የቫካንሲውን ገጽ ፎቶ አንስተው በታተመበት ዕለት ይለቁታል፤ የመንገዱ መዘግየት ቀረ። በምትኩ ሌላ ጣጣ መጣ። ፎቶው ሲቆረጥ የጋዜጣው ስምና ቀን ያለበት የገጹ ራስ አብሮ ይቆረጣል። እሑድ የወጣ የ10 የሥራ ቀናት ማስታወቂያ በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ይዘጋል፤ ፎቶው በመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕ የደረሰው ሰው ግን ከረቡዕ ቆጥሮ፣ ከተዘጋ በኋላ እስካለው ማክሰኞ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀኑ የማይታይበትን ማስታወቂያ ቻናሉ ከለቀቀበት ቀን አለመቁጠር፣ ወደ ቀጣሪው ደውሎ የመዝጊያውን ቀን መጠየቅ። «የምዝገባ ክፍያ» የሚል ከተጨመረበት ደግሞ ጋዜጣው ላይ ያልነበረ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

አሳታሚዎች ኪራይን አይወዱትም፣ ምክንያትም አላቸው። አዟሪው ያልተሸጠውን ጋዜጣ ተመላሽ ማድረግ የሚችል ከሆነ ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል፦ አንዱን ቅጂ በዋጋው አንድ አሥረኛ ለ15 ሰው ቢያከራይ ከሙሉ ዋጋው አንድ ተኩል እጥፍ አገኘ፤ ከዚያ «አልተሸጠም» ብሎ ሲመልሰው አሳታሚው ምንም አላገኘም። ቢሆንም ጋዜጣን ያዳከመው ኪራይ ነው ማለት ይከብዳል። የጋዜጣ ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ ዋጋው ሲንር የሕትመት ወጪው የመሸጫ ዋጋውን ያልፋል፣ ክፍተቱንም ማስታወቂያ ይሸፍናል። ማስታወቂያው ወደ ስልክ ሲሄድ የሚሸፍነው ጠፋ። ኪራይ እንዲያውም ለማስታወቂያ አስነጋሪው ጥሩ ነበር፤ አንድን ገጽ ብዙ ዓይን ያየዋል። ያንን አንባቢ ቆጥሮ ለአስነጋሪ የሸጠ አሳታሚ ግን እምብዛም አልነበረም።

ወረቀቱ እስካሁን የሚፈለገው ጨረታና የፍርድ ቤት ጥሪ ላይ ነው። የመንግሥት ግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ ግልጽ ጨረታ በጋዜጣ እንዲወጣ ያዝዝ ነበር፤ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት መምጣት ይህንንም እያሳሳው ነው። ፍርድ ቤትም አድራሻው ያልተገኘን ተከሳሽ በጋዜጣ ሊጠራ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ኪራይ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው የጋዜጣው ስም፣ ቀኑና ቁጥሩ የሚታይበት ሙሉ ገጽ ነው።