ሰንደቅ ምንድን ነው? ጨርቁ ወይስ እንጨቱ?

"ሰንደቅ" ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የሚውለበለበው ጨርቅ ነው። ቃሉ ግን በመነሻው ጨርቁን አይደለም የሚጠራው። ሰንደቅ ዘንጉ ነው፤ ጨርቁ የሚሰቀልበት እንጨት። ዓላማ ደግሞ ከሩቅ ታይቶ የሚለየው ምልክት። ሁለቱ ተጣመሩና "ሰንደቅ ዓላማ" ሆነ። ከጣልያንኛ የመጣው "ባንዲራ" ግን እንጨቱን አያውቀውም፤ ጨርቁን ብቻ ነው የሚለው።

እንግዲህ "የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ" ስንል፣ አጥብቆ ለጠየቀ፣ እንጨቱን ሁለቴ ጠራነው ማለት ነው። ግድ የለም። ዛሬ "ሰንደቅ" ብቻውን ሲነገርም ጨርቁ ሆኗል፤ ስሙን የተነጠቀው እንጨት ሌላ መጠሪያ አስፈለገው። በጽሑፍ "የሰንደቅ ዓላማ መስቀያ" ይባላል። በአፍ "ባንዲራ መስቀያው ጋ ጠብቀኝ" ብንል ይበቃል። ረዥም ስለሆነ ለቀጠሮ ይመቻል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ መዘውር አለች። ገመዱ በእሷ ላይ ዞሮ ይወርድና ከታች፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ ሁለት ቀንድ ባላት ብረት ላይ ይጠመጠማል። ብዙ ጊዜ ምሰሶው ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቱቦ ነው። ገመዱ ላልቶ ከታሰረ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቱቦውን ይገርፈዋል። ሌሊት ቀጭ፣ ቀጭ እያለ እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነው። መድኃኒቱ ወረድ ብሎ ገመዱን ጠበቅ ማድረግ ብቻ!

በቁመት የሚፎካከሩም አሉ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደቡብ ኮሪያ ድንበሯ ላይ 100 ሜትር ገደማ የሚሆን ምሰሶ አቆመች። ሰሜን ኮሪያ ማዶ ሆና በ160 ሜትር መለሰችላት። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጅዳ ላይ 171 ሜትር የሆነ ቆመ።

ለሐዘን "ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ይውለበለባል" ሲባል መለኪያው ይኸው እንጨት ነው። ከላዩ የቀረው ባዶ ቦታ ነው ሐዘኑን የሚናገረው። ታዲያ በተለመደው ሥርዓት ጨርቁ ከታች ተነስቶ እመሃል ላይ አይቆምም። መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። ማታ ሲወርድም እንደዚያው፤ አንዴ ጫፍ ደርሶ ነው የሚመለሰው።