«አንድ ግዢ፣ አንድ ክትባት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ፓምፐርስና ዩኒሴፍ የክትባት ዘመቻ «300 ሚሊዮን ክትባት ማለት እኮ 300 ሚሊዮን እናት ዳነች ማለት ነው» ብሎ ሲጽፍ አየሁ። ሌላው ከሥር «ውሸት ነው፤ ኩባንያ ለትርፉ እንጂ ለእናት መቼ አስቦ ያውቃል?» አለው። ሁለቱም ነገሩን ስተውታል። እኔን የሚያበሽቀኝ ግን የመጀመሪያው ነው። ይህን ስሌት ስንት ጊዜ እንዳየሁት!

አሠራሩ ቀላል ነው። ኩባንያው ዕቃ በሸጠ ቁጥር የተወሰነ ገንዘብ ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል። በእናቶችና በሕፃናት ጤና በኩል ታዋቂው ምሳሌ የዳይፐር ብራንዱ ፓምፐርስ ከዩኒሴፍ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ዘመቻ ነው። አንድ እሽግ ዳይፐር ሲሸጥ የአንድ ዶዝ (የአንድ ጊዜ መርፌ) የቴታነስ ክትባት ዋጋ ለዩኒሴፍ ይገባ ነበር። ዒላማው እናቶችንና ጨቅላ ሕፃናትን የሚገድለው መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ነበር።

ዶዝ የምትለዋን ያዙልኝ። አንድ ዶዝ ብቻውን አስተማማኝ መከላከያ አይሰጥም። ከዚህ በፊት ተከትባ የማታውቅ ነፍሰ ጡር ቢያንስ ሁለት ያስፈልጓታል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ማለፍ አለበት፤ ሁለተኛውም ከመውለዷ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ መሰጠት አለበት። የመውለጃ ዘመኗን በሙሉ እንዲጠብቃት ከተፈለገ ደግሞ አምስቱን በየቀጠሮው መጨረስ ነው። ዘመቻው ራሱ ከ300 ሚሊዮን በላይ ክትባት ብሎ፣ የተጠበቁትን ሴቶች ግን 100 ሚሊዮን ነው ያለው። ማንም አልደበቀውም። ሰው ትልቁን ቁጥር አንብቦ ትንሹን ይዘለዋል።

ድልድይ አስቡ። እናንተ የገዛችሁት አንድ ጣውላ ነው። በአንድ ጣውላ ወንዝ አይታለፍም። ሁለት ሲሆን እናትየዋ የዘንድሮውን ትሻገራለች። አምስት ሲሆን ስትመላለስ ትኖራለች። ጣውላው ግን በራሱ እግር ወንዙ ዳር አይደርስም፤ ጫኝ፣ ምስማርና አናጺ ይፈልጋል። ማቀዝቀዣው፣ ነዳጁ፣ የባለሙያዋ ደመወዝ በአንድ ዶዝ ዋጋ ውስጥ የሉም። እነሱን ሌላ ሰው ነው የሚከፍለው፣ አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት። ደግሞ ወንዙ አይደርቅም። የቴታነስ ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ ሳይሞት የሚቆየው ዘር መሰል ቅርጹ፣ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ በሽታውም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ ጎረቤቷ ስለተከተበች እሷ አትጠበቅም። ለእያንዳንዷ የራሷ ድልድይ መሠራት አለበት። ዛሬ ሕፃን የሆነችው ነገ ስታረግዝም እንዲሁ።

«በሽታው ተወግዷል» ሲባልም እንደ ፈንጣጣ ጠፋ ማለት አይደለም። መለኪያው በየወረዳው ነው፦ በአንድ ዓመት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት መካከል የሚያዙት ከአንድ በታች ሲሆኑ። የአገር አማካይ እዚህ ቦታ የለውም፤ አንድ ወረዳ ከጎደለ አገሩ አላለፈም። ክትባቱ ሲቋረጥ ደግሞ በሽታው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም 787,000 ጨቅላ ሕፃናት በመንጋጋ ቆልፍ እንደሞቱ ተገምቶ ነበር። በ2018 ግምቱ ወደ 25,000 ወርዷል። በጣም ትልቅ ለውጥ ነው፤ ግን መርፌ ብቻውን አላመጣውም። እትብቱ በንጹሕ ምላጭ እንዲቆረጥ፣ ቁስሉ ላይ ምንም እንዳይቀባ የምትከታተለው አዋላጅ ትልቅ ድርሻ አላት። ማስታወቂያው ላይ ግን አትታይም።

ሳትጠይቁኝ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። በሪፖርቶች ላይ «ሁለትና ከዚያ በላይ ዶዝ የወሰዱ ነፍሰ ጡሮች» የሚል መቶኛ ታያላችሁ። ይህ ቁጥር ያሳስታል። አምስቱን ቀድማ የጨረሰች ሴት በዚህ እርግዝናዋ መርፌ አያስፈልጋትም፤ ስላልተወጋች ግን እንዳልተጠበቀች ትቆጠራለች። የተሻለው፣ ሕፃኑ ቴታነስን ጨምሮ የሚከላከለውን የመጀመሪያ ክትባቱን ሊወስድ ሲመጣ የእናቱን ካርድ አይቶ ወይም እሷን ጠይቆ፣ ሲወለድ የተጠበቀ ነበር ወይ ብሎ መመዝገብ ነው። ካርዱ ከተገኘ ማለቴ ነው!

«ኩባንያ ለትርፉ ነው» ላለው ለሁለተኛው ሰውዬም አጭር መልስ አለኝ። አዎ፣ ይህ የመሸጫ ዘዴ ነው። አሜሪካን ኤክስፕረስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 የክፍያ ካርዴን በተጠቀማችሁ ቁጥር ኒውዮርክ ላለው የነፃነት ሐውልት እድሳት አንድ ሳንቲም እሰጣለሁ ሲል ካርዱንም እያሻሻጠ ነበር። ኩባንያው ማትረፉ ግን የክትባቱን ጉልበት አይቀንሰውም። ኩባንያውን መጠርጠር ካማራችሁ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ልገሳው ጣሪያ አለው ወይ? ካለው፣ ጣሪያው ከሞላ በኋላ የገዛችሁት ዳይፐር ብቻ ነው። ዘመቻው የሚያበቃው መቼ ነው? ከዚያ በኋላ የሚያረግዙትን ሴቶች ክትባት ከመደበኛ በጀቱ የሚገዛውስ ማን ነው?