«መጫወቻ ነው» ማለት አያዋጣም

አዳማ ላይ ሆኖ የኤርሶፍት (ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩስ የጨዋታ ጠመንጃ) መለዋወጫ ከውጭ የሚያዝ ሰው መጀመሪያ የሚለው «የሚተኩሰው እኮ የፕላስቲክ ጥይት ነው» ነው። ጉምሩክ ግን ዕቃውን የሚያየው በታሪፍ መጽሐፉ፣ ማለትም ዕቃዎች በቁጥር በተመደቡበት ዝርዝር ነው። በሞላ (ስፕሪንግ)፣ በአየር ወይም በጋዝ የሚሠራ ጠመንጃ ቁጥር 93.04 ላይ፣ መለዋወጫው 93.05 ላይ ይመደባል፤ ምዕራፉ የጦር መሣሪያ ነው። መጫወቻ 95.03 ነው። ለብቻው የመጣ ተራ ብሎን ወይም ሞላ እንደ ማንኛውም ብሎን ይታያል፤ ማነጣጠሪያ መነጽርም ብቻውን ከመጣ ምዕራፍ 90 ውስጥ ይገባል። የሚገርመው፣ ሰው የሚጨቃጨቀው ስለ ቀረጥ ነው። ጣጣው ያለው ፈቃዱ ላይ ነው፤ «ገደብ የተደረገበት» ዕቃ የሚገባው ሥልጣን ያለው አካል አስቀድሞ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት የዕቃውን ፎቶና ዝርዝር ይዘው ጉምሩክ ቅርንጫፍ ሄደው ይጠይቁ።