የጽጌረዳ ክብርና ንቀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ጽጌረዳ የሚያለሙ ሰዎች የአንዱን ግቢ አበባ ከፍ፣ የሌላውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ይሰማል። ንቀቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቆመው እውነት ባልሆነ ነገር ላይ ነው።

«ቀጋ የአጥር እሾህ እንጂ ጽጌረዳ አይደለም።»
ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ቀጋ በ1820 እ.ኤ.አ. ሮዛ አቢሲኒካ በሚል ሳይንሳዊ ስም የተመዘገበ ጽጌረዳ ሲሆን፣ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያም እሱ ነው። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች ቅጥር ላይ የተንጠላጠለውን ቀጋ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ አምስት ነጭ የአበባ ቅጠሎችና በመሀላቸው ብናኝ የተሸከሙ ቢጫ ክሮች ያገኛል፤ ሽታውም ልብን ደስ ያሰኛል። ፍሬው ሲቀላ እረኞች የውስጡን ዘርና ጠጉር አራግፈው ልጣጩን ይበሉታል። እንዲህ ያለውን ተክል ነቅሎ በምትኩ የገበያ ችግኝ መትከል ለግቢው ክብር አይጨምርለትም።

«አበባው በተደራረበ ቁጥር ዘሩ ንጹሕ ነው።»
መደራረቡ በአመዛኙ የሚመጣው ብናኝ ተሸካሚዎቹ ክሮች ወደ አበባ ቅጠልነት ሲለወጡ ነው፤ ያንን ጠባይ መርጦ ያበዛው ደግሞ ሰው ነው። በማሯ በምትታወቀው ጎጃም ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ንብ እጅግ ከተደራረበው አበባ ይልቅ ከተገለጠው ቀጋ ብናኝ መሰብሰብ ይቀላታል። አገዳው ረጅም፣ እምቡጡ ሹል የሆነው የሱቅ ጽጌረዳም ቢሆን ድቅል ነው፤ የዚህ ወገን የመጀመሪያው ተደርጎ የሚቆጠረው «ላ ፍራንስ» በፈረንሳይ የወጣው በ1867 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ደጋግሞ የማበብ ጠባዩ ከቻይና ጽጌረዳዎች የተወረሰ ነው።

«አዲስ ዝርያ ሁሉ ሽታ የለውም።»
ይህ ደግሞ የአሮጌ ዝርያ ወዳጆች ንቀት ነው። ለንግድ የሚመረቱት ብዙዎቹ ሽታቸው የደከመው ተቆርጠው ብዙ ቀን እንዲቆዩ ስለተመረጡ ነው፤ ነገር ግን አጥብቀው የሚሸቱ አዳዲስ ዝርያዎችም አሉ።

«ጥሩው ጽጌረዳዬ እንክብካቤ ሲያጣ ወደ ዱር ተለወጠ።»
ብዙ ምርጥ ችግኞች የሚዘጋጁት በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ በማጣበቅ ነው። የላይኛው ሲደርቅ ወይም ሲዳከም ከሥሩ የወጣው ቡቃያ ቦታውን ይይዛል እንጂ አንዱ ወደ ሌላው አይለወጥም። ስለዚህ ከመጋጠሚያው በታች የወጣውን ቡቃያ አፈሩን ገለጥ አድርጎ ከመነሻው መገንጠል ይገባል፤ ከላይ ብቻ ቢቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል።