ከጡረታ ላይ ግብር አይቆረጥም፤ ስንት ጊዜ ልናገር?

ደሴ ላይ ወር በገባ ቁጥር ባንክ በር ላይ የሚሰለፈውን ጋቢ ለባሽ አብዛኛውን አውቀዋለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ደመወዝ ሒሳብ ክፍል ተቀምጬ ፔሮል ስሠራ፣ የግማሹ ስም በእጄ አልፏል። አሁን እኔም ጡረታ ወጥቼ ከሰልፉ ገብቻለሁ። የጦሳ ተራራን ብርድ ለምጄዋለሁ፤ ያልለመድኩት በየወሩ ከፊቴም ከኋላዬም የምሰማውን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ይኸው ዛሬም ግብር ቆርጠውብናል።»

ማንም ምንም አልቆረጠባችሁም። የጡረታ አበል ከገቢ ግብር ነፃ ነው። የ2008 ዓ.ም. የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነፃ የሆኑ ገቢዎችን ሲዘረዝር፣ በጡረታ አዋጆቹ ነፃ የተደረገውን አበል አብሮ አስቀምጦታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ይሥሩ በግል ድርጅት፣ ያው ነው።

«ታዲያ ብሩ የት ሄደ?» ይሉኛል። ባለፈው አንድ የኩታበር መምህር እጄን ይዞ፣ «ወላሂ፣ ጋሼ፣ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ብር በላይ ነው የቆረጡብኝ!» አለኝ። ከባንክ ደረሰኙ ጀርባ ላይ አብረን አሰላነው። የመጨረሻው ያልተጣራ ደመወዙ 9,600 ብር ነበር። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ማስከፈያ መሠረት፣ የሥራ ግብሩ 1,550 ብር ነው። የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ፣ ማለትም 672 ብር ነው። ስለዚህ በየወሩ እጁ ይገባ የነበረው 7,378 ብር ነው። ይኼን ቁጥር ነው በልቡ ይዞ የሚዞረው።

አበሉ ግን የሚሰላው በመጨረሻው ደመወዝ አይደለም፤ ከጡረታ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት አማካይ ነው። የእሱ አማካይ 9,000 ብር ሆነ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። 30 ዓመት አገልግሏል፤ 30 ሲደመር 25፣ 55 በመቶ። የ9,000 ብር 55 በመቶ 4,950 ብር ነው። በሒሳቡ ገብቶ ያገኘውም 4,950 ብር ነበር፤ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። የበላይ ጣሪያው 70 በመቶ ሲሆን፣ እዚያ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል።

መምህሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ግብሩስ ታዲያ ምን ያህል ነው?» አለኝ። ዜሮ አልኩት። ተናድጄ ነበር፤ ግን መናደድ አልነበረብኝም፤ እኔ ራሴ ስንቱን ሰው አስልቼ፣ የራሴ የመጀመሪያ አበል ሲገባ ስልኬን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አለ። ባልዋ የሞተባት አንዲት ጎረቤቴ ቡና ልጠጣ ገብቼ ሳለ በረካው ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግማሹን መንግሥት ለግብር ወሰደው፤ ምን አደርጋለሁ?» አለችኝ። ይኼኛው አያስቆጣም፤ ያሳዝናል። የሟች ባለቤት የሚያገኘው ተተኪ ጡረታ የሟቹ አበል 50 በመቶ እንዲሆን የወሰነው ራሱ የጡረታ ሕጉ ነው። ግብር አይደለም። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ካሉ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 20 በመቶ ይታሰብላቸዋል። እትዬ ሁለት ትናንሽ ልጆች ይዛ ሳለ ለልጆቹ አላመለከተችም ነበር! የልደት ማስረጃቸውን አስይዤ በማግስቱ ላክኋት። «ግብር ነው» ብላ ባትቀበለው ኖሮ ገና ድሮ ትጠይቅ ነበር።

ሌሎችም የምሰማቸው አሉ። «የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ ከግብር በፊት ይነሳል»፦ አይነሳም። ግብሩ የሚሰላው ሙሉው ደመወዝ ላይ ነው። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ደግሞ ከእናንተ ደመወዝ አይነካም።

«መዋጮዬ ቁጠባዬ ነው፤ ከነወለዱ ይመለስልኝ»፦ መዋጮው የባንክ ደብተር አይደለም፤ አበሉ የሚሰላው በአገልግሎት ዓመትና በደመወዝ ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው የሚሳሳቱት። «ጡረተኛ ስለሆንኩ ግብር አይመለከተኝም» የሚሉ። ነፃ የሆነው አበሉ እንጂ ሰውዬው አይደለም። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሦስት ክፍል ቤት የሚያከራዩ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ፣ የኪራይ ገቢያቸውን ለዓመታት ሳያሳውቁ ቆይተው ከነቅጣቱ ሲጠየቁ፣ የጡረታ መታወቂያቸውን እያሳዩ ሊከራከሩ ሞከሩ። መታወቂያው ለኪራይ ምኑ ነው? ኪራይ ኪራይ ነው፣ ሱቅም ሱቅ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ተቀጥረው ደመወዝ ቢያገኙም ደመወዙ እንደማንኛውም ሠራተኛ ግብር ይቆረጥበታል።

በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸውም ይኼው ይምታታባቸዋል። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ከሥራ ለወጣ ሠራተኛ የሚከፈለው የጉዳት ጡረታ፣ ከጉዳቱ በፊት ያገኘው የነበረው ደመወዝ 47 በመቶ ነው፤ ይህም ግብር የለበትም። ለአካል ጉዳት የሚከፈል ካሣም ከግብር ነፃ ነው። ነገር ግን ቀኝ እጁን በማሽን ያጣ አንድ ወጣት በኋላ በስልክ ኦፕሬተርነት ሲቀጠር፣ «አካል ጉዳተኛ ነኝ፤ ለምን ትቆርጣለህ?» ብሎ ቢሮዬ ድረስ መጥቷል። ልጄ፣ ጉዳትህ ነፃ ነው፤ ደመወዝህ ደመወዝ ነው። ለረጅም ጊዜ አኩርፎኝ ነበር።

ኮምቦልቻ ያሉት የፋብሪካ ሠራተኞች ደግሞ የሥራ ስንብት ክፍያን ከጡረታ ጋር ያምታታሉ። የስንብት ክፍያ ከሥራ መቋረጥ የተነሣ የሚከፈል ስለሆነ ግብር አለበት። ያኛው ነፃ ነውና ይኼም ነፃ ነው ብላችሁ ገንዘቡን ቀድማችሁ አታውጡት።

እንግዲህ ስለ ግብሩ ይኼው ነው። ለራሳችሁ ግን ግብርን ከመፍራት ይልቅ ማኅደራችሁን ፍሩ። የአበላችሁ መጠን የሚወሰነው በአገልግሎት ዓመትና በደመወዝ ነው፤ ሁለቱም የሚረጋገጡት በወረቀት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እዚህ ወሎ ውስጥ ስንቱ መሥሪያ ቤት መዝገቡን እንዳጣ ታውቃላችሁ። ማኅደሩ ስለጠፋ አሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቱን በምስክር ሊያስረዳ የተንከራተተ የማውቀው ሰው አለ፤ አሥራ አንዱ ዓመት ቢቀርበት ከአማካይ ደመወዙ እያንዳንዱ መቶ ብር 13 ብር ከ75 ሳንቲም ያጣ ነበር፣ ያውም ዕድሜ ልኩን። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገት፣ የደመወዝ ጭማሪ፣ የዝውውር ደብዳቤ ሁሉ ቅጂው በቤታችሁ ይኑር። ስትቀጠሩ የሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ የሞላችሁትን የልደት ዘመንም ዛሬውኑ አረጋግጡ፤ ጡረታ የሚያስወጣችሁ በመጀመሪያ የተመዘገበው ዕድሜ ነው፣ በኋላ አምጥታችሁ የምታስለውጡት አይደለም።

የእኔ ደብዳቤዎች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከባለቤቴ የመስፊያ ክር ጋር ተቀምጠዋል። ክሩ አንዱን ማኅተም አርንጓዴ አድርጎታል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል።